ከማሽኑ በፊት ጉልበትዎን ያማክሩ

ከጣርማ በር ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ወጥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሙቀት ይገባል። ደጋ ላይ ጉልበቱን የሚያመው ሰው «ብርዱ ነው» ይላል። ቆላ ሲወረድ ብርዱ የለም፤ የጉልበት ሕመሙ ግን አለ። ማሾ ሲለቅም የዋለው ገበሬ፣ ሽንኩርት ስትኮተኩት ያረፈደችው ሴት፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ሲመላለስ መሪ ላይ ዕድሜውን የገፋው ሾፌር፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጀበና ሲጥዱ የኖሩት እናት፣ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ሁሉም እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እንግዲያው ጥፋቱ የብርድ ብቻ አይደለም። ይህ ለእኔ ትልቅ የምሥራች ነው። የአየሩን ጠባይ መለወጥ አንችልም፤ ጉልበታችንን የሚደግፈውን ጡንቻ ግን በማንኛውም ዕድሜ ማጠንከር እንችላለን።

ይህን የምጽፈው «ስፖርት ልጀምር» ብለው ካሰቡ በኋላ «በዚህ ጉልበት?» ብለው ሐሳባቸውን ለተዉ ሁሉ ነው። ምናልባት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅዎ «እማዬ፣ የመሮጫ ማሽን ልግዛልሽ?» ብሎ ጠይቆዎት ይሆናል። ምናልባትም ጎረቤትዎ በጉጉት የገዙት ማሽን ሳሎን ጥግ ቆሞ ልብስ ሲሰቀልበት አይተው ልብዎ ቀዝቅዞ ይሆናል። አይቀዝቅዝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ያ ማሽን ሥራ የፈታው ከጉልበቱ በፊት ስለተመረጠ ነው። እኛ ከጉልበቱ እንጀምራለን።

መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አርፈህ ተቀመጥ» የሚል ነው። በፍቅር የሚሰጥ ምክር ነው፤ ልክነቱ ግን ግማሽ ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋቅ የሚሸፍነው ልስልስ ሽፋን፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት፣ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ይህም ፈሳሽ በደንብ የሚዳረሰው ጉልበቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። የማይንቀሳቀስ ጉልበት ይራባል። በዚያ ላይ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በተቀመጠ ቁጥር የጭኑ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ጭነቱ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙ ይብሳል፤ ሰውየው የባሰውን ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 528 ሚሊዮን ያህል የዓለም ሕዝብ ኦስቲዮአርትራይተስ ከሚባለው የመገጣጠሚያ መጎዳት ጋር ይኖር እንደነበር ገምቷል። በዚህ በሽታ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚጠቃው ደግሞ ጉልበት ነው። ብቻዎን አይደሉም። ከሕክምናዎቹ ሁሉ ፊት የሚሰለፈውም እንቅስቃሴ ነው፤ ለጉልበትዎ በሚስማማ መጠን የተለካ እንቅስቃሴ።

መጠኑን ለመለካት የሚረዳ አንድ ድንቅ ጥናት አለ። በርሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ጉልበት ሲገጠምላቸው ጭነት የሚለካ መሣሪያ ውስጡ የተቀመጠላቸውን ሰዎች እያራመዱ፣ ደረጃ እያስወጡና እያስወረዱ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት መዘገቡ። ውጤቱን በ2010 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሜዳ ላይ ስንራመድ ጉልበታችን የሰውነታችንን ክብደት 2.6 እጥፍ ገደማ ይሸከማል። ደረጃ ስንወጣ ከ3 እጥፍ ያልፋል። ስንወርድ 3.5 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በሠሩት ልኬት፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ቀለል አድርጎ ፔዳል መምታት 1.2 እጥፍ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረጃ በወረደ ቁጥር በየእርምጃው 245 ኪሎ፣ ብስክሌቱ ላይ ሲሆን 84 ኪሎ ያህል ነው ማለት ነው። ከደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ወደ ይፋት፣ በእግር የሚወርድ ሰው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ለምን እንደሚፈራ አሁን ገባን።

ሌላም ቁጥር ልጨምር፤ ይኼኛው ተስፋ ነው። ክብደታቸው ከመጠን በላይ የሆነና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከሰውነት የቀነሰ እያንዳንዱ 1 ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጭነት ያነሳል። 5 ኪሎ ቢቀንሱ 20 ኪሎ መሆኑ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ሲሄድ የኖረውን ጉልበትዎን «አውርደው» እንደማለት ነው። በየእርምጃው! 20 ኪሎ መቀነስ አይጠበቅብዎትም፤ አምስቱ ይበቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን መሣሪያ እንምረጥ። ወንበር ነው።

አይናቁት። እኛ አገር ጉልበትን ከሚፈትኑ ዕቃዎች አንዱ ዱካ ነው። ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፤ ሲነሱ ደግሞ ሙሉ ሰውነትን ከታች ወደ ላይ መግፋት ያለበት እሱ ነው። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ግን ያው መነሳት ለጡንቻ ግንባታ የሚሆን ልምምድ ይሆናል። ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የማይወላገድ፣ የእንጨት ወይም የብረት ወንበር ይፈልጉ። ያ ስስ የፕላስቲክ ወንበር እግሩ ስለሚከፈት አይሁን። ጀርባውን ግድግዳ ያስደግፉት። መነሳት የሚከብድዎት ከሆነ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥፈው መቀመጫው ላይ ያንጥፉ፤ መቀመጫው ከፍ ባለ መጠን ጉልበት ይቀለዋል። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ይክፈቱ፣ ተረከዝዎን ትንሽ ወደ ወንበሩ ያስጠጉ፣ ደረትዎን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ ትይዩ ሲደርስ እየተነፈሱ ይነሱ። መጀመሪያ በእጅዎ ቢደገፉ ምንም አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ሲቀመጡ ነው፤ እንደ ከረጢት አይውደቁ፣ በልብዎ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። ጭንዎን የሚያጠነክረው ያ ቀስታ ነው።

አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ለጀማሪ በቂ ነው። ሲለመድ አሥር፣ ቀጥሎ ሁለት ዙር። ጋቢውን አንድ ቀን ያነሱታል፤ ያን ቀን የሚሰማዎት ደስታ ከማንኛውም ማሽን አይገኝም። ለውጥዎን መለካት ከፈለጉ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ልጅዎ በስልክ ይቁጠርልዎት። በአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል መለኪያ ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለች ሴት ከ12 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ላለ ወንድ ከ14 በታች ከአማካይ ያነሰ ነው። ዛሬ 5 ቢሆን አይደንግጡ፤ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከወር በኋላ ይድገሙት።

ጊዜ የለኝም ለሚሉ ደግሞ ቡና አለ። በይፋት ቡና ሳይፈላ የሚያልፍ ቀን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአቦል እስከ ቶና አምስት ጊዜ ይነሱ፣ ከቶና እስከ በረካ አምስት ይድገሙ። ረከቦቱን ከመሬት አንስተው ጠረጴዛ ላይ ያውጡት፣ ዱካውን በወንበር ይተኩት፤ የቡናው ወግ አይጎድልም። ጎረቤት ቢገርማቸው ጥሩ፤ እነሱም ይነሱ።

ስለ ጸሎት ሳላነሳ ባልፍ ይህ ጽሑፍ ስለ ይፋት አይሆንም። ይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የኖረበት አገር ነው፤ ሁለቱም ፈጣሪያቸውን በጉልበታቸው ይለምናሉ። በዐቢይ ጾም ስግደት አለ፣ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት አለ። ጉልበታቸው የታመመ ሽማግሌ ትልቁ ኀዘናቸው ሕመሙ ሳይሆን «እንደ ድሮዬ መስገድ አቃተኝ» የሚለው ነው። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው በር አልዘጉም። ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ሼኹን ይጠይቁ፤ ቆሞ ወይም ተንበርክኮ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ እንዲጸልይ ይፈቀድለታል። እስኪጠነክሩ ወንበር ላይ ይጸልዩ። መስገድ የሚችሉ ከሆነ ግን ከጉልበትዎ በታች ወፍራም ምንጣፍ አጥፈው ያድርጉ፣ ለመነሳት አጠገብዎ የሚይዙት ነገር ይኑር። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያገለግሉ የሚደገፉት መቋሚያ ሰውነትን ከሕመም የሚያሳርፍ ጥበብ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከዘራም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ከዘራውን በታመመው እግር በኩል ይይዛል፤ ትክክሉ በተቃራኒው ነው። ቀኝ ጉልበትዎን ካመመዎት ከዘራው በግራ እጅዎ ይሁን፣ ቀኝ እግርዎ ሲራመድ አብሮት ይውጣ። ይህን ብቻ ያስተካከለ ሰው በዚያው ቀን ልዩነቱ ይታወቀዋል።

ሁለተኛው መሣሪያ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታው ጋ ተሰቅሏል። ሸዋ ሮቢት የመኪና መንገድ ከተማ ናት፤ ጎማ የሚያስነፋ፣ ከመነዳሪ የሚያስለጥፍ አይጠፋባትም። አዲስ አበባ በስፖርት ዕቃ መደብር የሚሸጠው ባለ ቀለም ላስቲክ እዚህ ባይገኝ አይዘኑ። ጎሚስታውን «ልጄ፣ የተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ አለህ?» ይበሉት። «ለምን ይሁንዎት እማማ?» ሲልዎት «ለጉልበቴ» ብለው ይመልሱለት፤ ስቆ ያወጣልዎታል። የመኪናው ከመነዳሪ ለጀማሪ በጣም ይጠነክራል፣ የብስክሌቱ ይሻላል። ቫልቩን ቆርጠው ያውጡት፣ በሳሙና ይጠቡት፣ እየሳቡ የተሰነጠቀ ቦታ እንደሌለው ይመርምሩ። የቆላ ፀሐይ ላስቲክ ስለሚያደርቅ ደጅ አይስቀሉት፤ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ያኑሩት። ሲሳብ ወደ ፊትዎ በፍጹም አይሁን።

ምን ይሠራል? ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ከጉልበትዎ ከፍ አድርገው ሁለቱን ጭኖችዎን በላስቲኩ አንድ ላይ ይሰሯቸው፣ ከዚያ ጉልበቶችዎን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ዳሌን የሚይዘው ጡንቻ ይሠራል፣ ዳሌ የጠነከረለት ሰው ሲራመድ ጉልበቱ አይወላገድም። ወይም በእግርዎ መሐል አጥልቀው ጫፎቹን በእጅዎ ይዘው እግርዎን ወደ ፊት ይግፉ፤ በሺህ የሚቆጠር ብር የሚያወጣው የእግር መግፊያ ማሽን የሚሠራው ሥራ ነው። ወገብና ትከሻ የሚያስቸግርዎት ደግሞ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስረው እንደ ባልዲ ገመድ ወደ ደረትዎ ይሳቡት።

ክብደት ማንሻስ? ማሾ። የይፋት ቆላ ጥሩ ማሾ ያበቅላል፣ ገበያም ላይ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። ግማሽ ኪሎ ማሾ ገዝተው ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከሱሪ እግር በተሰፋ ረዘም ያለ ከረጢት ውስጥ ይጨምሩና አፉን ይስፉ። ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ጠምጥመው ይሰሩት፤ እህሉ ስለሚንሸራተት የእግርዎን ቅርጽ ይይዛል፣ አጥንት አይቆረቁርም። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው ለአምስት ቆጠራ ይያዙ፣ ይመልሱ። በተመዘነ ዕቃ የሚሠራ ሰው የሚጨምረውን ያውቀዋል፤ ዛሬ ግማሽ ኪሎ፣ ሲለመድ አንድ ኪሎ። ለእጅ የሚሆነው የተለመደችው የሃይላንድ ጠርሙስ ናት፤ ግማሽ ሊትሯ ውሃ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ፣ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ከዚያ በላይ ነው።

ጣቶቻቸው ለሚያማቸው ያው ማሾ ሌላ አገልግሎት አለው። በሰፊ ሳህን ውስጥ ሁለት ሦስት ኪሎ ያፍስሱ፣ እጅዎን እስከ አንጓዎ ያስገቡ፣ ጣቶችዎን እህሉ ውስጥ ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ይጨብጡ፣ ያሽከርክሩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በሩዝና በባቄላ የሚያሠሩት ልምምድ ነው። ከዚህ ጋር በየቀኑ የሚይዙትን የማማሰያ፣ የቢላና የመጥረጊያ እጀታ በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ ወፍራም እጀታ ለመያዝ ቀጭን እጀታ የሚጠይቀውን ያህል መጨበጥ አያስፈልግም፣ ጣትም ያርፋል።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ እንመለስ። ማሽን ልግዛ ካለ አይከልክሉት፤ የሚገዛውን ግን እርስዎ ይምረጡ። ጉልበት ለሚያመው ሰው የመሮጫ ማሽን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። መራመድ ጥሩ ነው፤ ግን ለመራመድ ማሽን ምን ያደርጋል? ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማለዳ ሙቀቱ ሳይከር ሰፊ መንገድ አለልዎት። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ምንጣፉ ሊቆም ይችላል፣ የሚራመደው ሰው ግን አብሮት አይቆምም። ለወጣት ድንጋጤ ነው፣ ለአረጋዊ መውደቅ ነው።

ብስክሌት ይግዛልዎት። የማይንቀሳቀሰውን፣ በማግኔት የሚሠራውን፤ አብዛኛው ያለ መብራት ይሠራል። ሲገዛ ስለ ቀለሙና ስለ ስክሪኑ ሳይሆን ስለ አራት ነገር ይጠይቅ። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ይላል ወይ? ለመውጣት እግርን ምን ያህል ማንሳት ይጠይቃል? ስንት ኪሎ ሰው ይሸከማል? ጭነቱ እስከ መጨረሻው መላላት ይችላል ወይ? ወገብዎንም የሚያምዎት ከሆነ ጀርባ መደገፊያ ያለውና ፔዳሉ ወደ ፊት የሆነው ይሻላል። ቤቱ ጠባብ፣ ገንዘቡም አጭር ከሆነ ወንበር ሥር የምትቀመጥ ፔዳል ብቻ ያላት ትንሽ መሣሪያ አለች፤ እሷም ጉልበት ታንቀሳቅሳለች፣ ቲቪ እያዩ ይሠሩባታል።

ብስክሌቱ መጥቶ ሲገጣጠም አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው መቀመጫውን ነው። ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበትን እንደ ዱካ ያጥፈዋል፤ «ብስክሌትም አሳመመኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። ፔዳሉን ወደ ታች ጫፍ ያድርሱት፣ ተረከዝዎን ላዩ ላይ ያስቀምጡ። እግርዎ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው፤ ከዚያ የእግርዎን ፊተኛ ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲያደርጉ ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ ይቀራል። ጭነቱን አላልተው በአምስት ደቂቃ ይጀምሩ። ሲቀልዎት ደቂቃውን ይጨምሩ እንጂ ጭነቱን ለማክበድ አይቸኩሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ሦስት ቀን ይጨመራል። 150 ደቂቃ ብዙ ከመሰለዎት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ሠላሳውንም በሦስት አሥር ደቂቃ መክፈል ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የቀሩትን ማሽኖች ባጭሩ ልለፋቸው። እግር ከመርገጫው ሳይነሳ የሚያራምደው ኤሊፕቲካል ለጉልበት ጥሩ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፣ ሚዛን ይፈልጋል። የጀልባ ቀዘፋ ማሽኑ ጉልበት በጣም ያጥፋል፤ የጉልበት ታማሚ አይጀምርበትም። ደረጃ መርገጫውን፣ መዝለያ ገመዱን ይተዉ። ቆመውበት ብቻ የሚንቀጠቀጠው ሰሌዳ ላይ ገንዘብዎን አያውጡ። የጉልበት ማሰሪያ ሙቀትና መተማመን ይሰጣል፣ ጡንቻ ግን አይሠራም። ከማሰሪያ ይልቅ ሶሉ ልስልስ የሆነ ሸራ ጫማ ይግዙ።

ልክ መሥራትዎን የሚነግርዎት ጉልበትዎ ራሱ ነው። ከ10 ሦስት ያህል ሕመም ሲሠሩ ቢሰማዎት አይፍሩ፤ ሐሞትዎ ይጠንክር፣ ይቀጥሉ። ማግስቱን ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው። ማግስቱንም ካበጠ ወይም ከወትሮው ከባሰ አብዝተዋል፤ አይተዉት፣ በግማሽ ቀንሰው ይድገሙት። ሕመሙን በኪኒን አደንዝዘው አይሥሩ፤ የሚነግርዎትን ዝም ያሰኙታል።

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መገጣጠሚያው ትኩስ ሆኖ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወድቀው መርገጥ ካቃተዎት በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ያልተፈላ ወተት ከሚጠጡ፣ ከብትና ግመል ከሚያረቡ ሰዎች ዘንድ የሚገኘው ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ በመድኃኒት ይድናል፣ በስፖርት አይድንም። ጠዋት የሁለት እጅ ጣቶች ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደርቁብዎት ከሆነም መመርመር አለብዎት። በተለምዶ ሁሉንም ሪህ ወይም ቁርጥማት እንላለን፤ በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም እንዲሁ። ያበጠ ጉልበት በወጌሻ አይታሽ። ሕመምዎ ከታወቀ በኋላ ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ የማሾ ከረጢትዎንና የከመነዳሪ ላስቲክዎን ይዘው ይሂዱ፤ ለእርስዎ የሚስማማውን ያሳዩዎታል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሁለት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋረጠ፤ በዚያው ዕለት ሩጫ በቃኝ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ለወጠ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ማንቸስተር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ አሸነፈ። ሌላው ደግሞ የሸዋው ልጅ፣ አበበ ቢቂላ ነው። ሮምን በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮን በጫማ ያሸነፈው አበበ መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ዳግመኛ መራመድ አልቻለም። ለሕክምና ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሄደ። እግሩ ባይታዘዘው እጁን ጠየቀው፤ በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፣ በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አንደኛ ወጣ። በዓለም አንደኛ የነበረ እግር ያጣ ሰው ያለውን አካል ቆጥሮ፣ ለእሱ የሚሆን መሣሪያ መርጦ ተነሳ።

የእርስዎ እግር አብሮዎት አለ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፣ ወንበሩን ግድግዳ ያስደግፉና አምስት ጊዜ ይነሱ። ጉልበቱን የሚያመው ጎረቤት ካለዎትም ሁለተኛ ወንበር አምጥተው ይጥሩት።